አሮጌ ዴክ አፍርሶ ለመሥራት፦ መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ዕቅዱን በኮምፒውተር መጨረስ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጋር አንድ ያረጀ የእንጨት ዴክ ይረከባል። ሙቀቱ ሲገባ ልደቱም፣ ምርቃቱም፣ የእሁድ ቡናውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ዴክ ለዓይን የሚያምር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሕፃንና አዛውንት በአንድ ጊዜ የሚቆሙበት ተሸካሚ ወለል ነው። አፍርሶ በራስ እጅ መሥራት ይቻላል። ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ግን ስህተቱ የሚታየው እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ አንድ ዴክ ከልኬቱ እስከ ዕቃ ዝርዝሩ ድረስ በኮምፒውተር እንሠራለን። ቁጥሮቹ በሙሉ የዚህ አንድ ዴክ ናቸው፤ ስሌቱን ይዘው የራስዎን ቁጥር ያስገቡበት።

የትኛው ሶፍትዌር

ነጻዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዓይነት ስፋትና ከፍታ ሲነግሩት ዴኩን ራሱ ይስልልዎታል። የሲምፕሰን ስትሮንግ ታይ እና የትሬክስ መሳያዎች ከዚህ ወገን ናቸው፤ ሥዕሉንም የዕቃውን ዝርዝርም በአንድ ቁጭታ ያወጣሉ። ሌላው ዓይነት ባዶ ቦታ ሰጥቶ እያንዳንዱን እንጨት እርስዎ እንዲስሉ ያደርጋል፤ ስኬችአፕ እንዲህ ነው። ነጻው እትም በብሮውዘር ስለሚሠራ ኮምፒውተርዎ ላይ የሚጫን ነገር የለም። ስዊት ሆም 3ዲም ነጻ ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ለክፍሎችና ለቤት ዕቃ አቀማመጥ በመሆኑ ከወለል ስር ላለው ተሸካሚ እንጨት አይመችም።

የእኛ ምርጫ ሁለቱንም በተራ መጠቀም ነው። መጀመሪያ በራሱ የሚስለውን ከፍተው ስፋቱንና ግምታዊ ዋጋውን ይዩ፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቅርጽ ይሞክሩ። ቅርጹን ከወሰኑ በኋላ በስኬችአፕ እንጨት በእንጨት ይሳሉት። ምክንያቱም በራሱ የሚስለው መሳሪያ የግቢዎን ተዳፋት፣ ከግድግዳው የሚወጣውን የልብስ ማድረቂያ ቱቦና የቤዝመንቱን መስኮት አያውቅም። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ደግሞ ከእነዚህ ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን ይመርምሩ

ሶፍትዌር ከመክፈትዎ በፊት ስለታም ካቻቢቴ ይዘው ከዴኩ ስር ይግቡ። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘው አግዳሚ እንጨት ሌጀር ይባላል፤ ዴክ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚለቀው እሱ ነው። ሌጀሩን በላይኛው ጠርዝና በየማያያዣው ዙሪያ ይውጉት። ካቻቢቴው ያለ ጉልበት የሚገባ ከሆነ በስብሷል። ያያያዘው ምስማር ብቻ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ ጤነኛ ቢመስልም መቀየር አለበት፤ ምስማር በጊዜ ብዛት ከግድግዳው እየተሳበ ይወጣል። የቋሚዎቹንም እግር መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ እንደዚሁ ይውጉ።

ቋሚዎቹ የሚያርፉበት የኮንክሪት መሠረት ፉቲንግ ይባላል። ሰው ሁሉ «አሮጌው ፉቲንግ ደህና ነው፤ እንተወው» ማለት ይወዳል። አጠገቡ ቆፍረው ጥልቀቱንና ስፋቱን ሳያዩ አይወስኑ። የፉቲንግ ታች ከበረዶ መስመር በታች መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ክረምት አፈሩ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ቋሚውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ጥልቀት በፌርፋክስ ካውንቲ 24 ኢንች ሲሆን በሚኒያፖሊስ አካባቢ 42 ኢንች ነው።

ዴኩ ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነ እንጨቱ አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ይችላል። አያቃጥሉት፤ ፈጭተውም አትክልት ስር አይበትኑት። የት እንደሚጣል ካውንቲውን ይጠይቁ።

ልኬት፦ ሙሉ አንድ ቀን ይስጡት

ሞዴሉ ከልኬቱ የተሻለ ሊሆን አይችልም። የሚከተሉትን በወረቀት ላይ በሩብ ኢንች ትክክለኛነት ይያዙ።

የግድግዳው ርዝመት፣ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው። ከዚያም ከዚያው ማዕዘን ተነስተው እስከ በሩ ሁለት ጫፎች፣ እስከ እያንዳንዱ መስኮት፣ እስከ ጋዝ ቆጣሪው፣ እስከ ውጭው የውሃ ቧንቧ፣ እስከ ኤሲው ማሽን ድረስ። ሁሉንም ከአንድ መነሻ ይለኩ። ከመስኮት ወደ መስኮት እየተቀባበሉ ከለኩ ትንንሾቹ ስህተቶች እየተደመሩ መጨረሻ ላይ አንድ ኢንች ሆነው ይገኛሉ።

ቀጥሎ ከበሩ ደፍ እስከ መሬት ያለው ከፍታ። በእኛ ዴክ 47 ኢንች ነው። የዴኩ ወለል ከደፉ 2 ኢንች ዝቅ እንዲል እናደርጋለን፤ ዝናብና በረዶ ወደ ቤት እንዳይገባ። ስለዚህ የወለሉ ከፍታ 45 ኢንች ይሆናል።

ከዚያ ተዳፋቱ። ከግድግዳው አጠገብ እስከ ዴኩ የፊት ጠርዝና ደረጃው እስከሚያርፍበት ቦታ ድረስ ሲባጎ በውሃ ልክ ወጥረው በየቦታው ወደ መሬት ይለኩ፤ ሌዘር ካለዎት የተሻለ ነው። የእኛ ግቢ ደረጃው በሚያርፍበት ቦታ ከግድግዳው ስር ይልቅ 3 ኢንች ዝቅ ይላል። ትንሽ ትመስላለች፤ ደረጃው ላይ ስንደርስ ምን እንደምታደርግ ያያሉ።

የግድግዳውን ዓይነትም ይጻፉ። ሌጀር የሚታሰረው ከቤቱ የወለል እንጨት ጋር ነው። ከፊት ለፊቱ ለመልክ የተደረደረ ጡብ ካለ በጡቡ ላይ ማሰር አይፈቀድም። ግድግዳው ከመሠረቱ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ከሆነም እንዲሁ ነው። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው በቤቱ ላይ የማይደገፍ፣ በራሱ ቋሚዎች የሚቆም ዴክ ነው፤ ይህ ደግሞ ሥዕሉን ከሥሩ ይለውጠዋል።

ቤቱን መሳል

በስኬችአፕ አዲስ ሞዴል ሲከፍቱ ልኬቱ በሜትር ሊሆን ይችላል። በሞዴል ኢንፎ ውስጥ ዩኒትስ የሚለውን ከፍተው አርኪቴክቸራል ያድርጉት፤ ያኔ 15'10" ብለው ሲጽፉ ይገባዋል። አንዳንድ የአማርኛ ኪቦርዶች የጫማና የኢንች ምልክቱን ወደ ጥቅስ ምልክት ስለሚቀይሩት ቁጥር ሲያስገቡ ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ይመለሱ።

ቤቱን በሙሉ መሳል ጊዜ ማባከን ነው። የኋላውን ግድግዳ እንደ አንድ ጠፍጣፋ ሳጥን ይሳሉ፤ በሩንና መስኮቶቹን በቦታቸው ያስቀምጡ። የጋዝ ቆጣሪውን፣ ኤሲውንና የማድረቂያውን ቱቦ በቀላል ሳጥን ያመልክቱ። መሬቱን አግድም አድርገው አይተዉት፤ የለኩትን ተዳፋት ተከትለው ዘንበል ያድርጉት። ይህን ሁሉ በአንድ ግሩፕ አስረው ይቆልፉት። ካልቆለፉት እንጨት ሲያንቀሳቅሱ ግድግዳው አብሮ ይጎተታል።

የእንጨቱ ስምና እውነተኛ ልኬቱ

ጀማሪ ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 2×10 ተብሎ የሚሸጠው እንጨት 2 ኢንች በ10 ኢንች አይደለም፤ 1½ በ9¼ ነው። 2×8 በእውነቱ 1½ በ7¼፣ 2×12 ደግሞ 1½ በ11¼ ነው። 4×4 ቋሚ 3½ በ3½፣ 6×6 ቋሚ 5½ በ5½ ይሆናል። 5/4×6 የሚባለው የወለል ጣውላ 1 ኢንች ውፍረትና 5½ ኢንች ስፋት አለው። በስሙ ልኬት የተሳለ ሞዴል በስክሪን ላይ ያምራል፤ ሜዳ ላይ ግን አንዱም ነገር አይገጥምም።

አካሉን መሥራት

ስፋቱን 16 ጫማ ማድረግ ያጓጓል፤ ጣውላው በ16 ጫማ ስለሚሸጥ። ነገር ግን ወለሉ ከስሩ ካለው የእንጨት አካል በየጎኑ ¾ ኢንች ወጣ ማለት አለበት፤ የጣውላውንም ጫፍ አስተካክሎ ለመቁረጥ ትርፍ ያስፈልጋል። አካሉ ራሱ 16 ጫማ ከሆነ ጣውላው አይበቃም፤ በየረድፉ መቀጠል ይመጣል። ስለዚህ የአካሉን ስፋት 15'10" እናደርጋለን። ወለሉ 191½ ኢንች ይሆናል፣ ከ192 ኢንቹ ጣውላ ላይ ግማሽ ኢንች ለማስተካከያ ይተርፋል። ወደ ግቢው ያለውን ጥልቀት ለጊዜው 11'10" እንበለው።

ሌጀሩን በሬክታንግል 1½ በ9¼ አድርገው ይሳሉ፤ በፑሽ ፑል 190 ኢንች ያርዝሙት፤ ኮምፖነንት (አንዱ ሲቀየር ቅጂዎቹ ሁሉ አብረው የሚቀየሩ ክፍል) ያድርጉትና ስም ይስጡት። የላይኛው ጠርዙ ከመሬት 44 ኢንች ላይ ይሁን፤ ከላዩ የ1 ኢንች ጣውላ ስለሚመጣ ወለሉ 45 ይሆናል። ከቤቱ እየወጡ ወለሉን የሚሸከሙት እንጨቶች ጆይስት ይባላሉ። ርዝመታቸው ከጠቅላላው ጥልቀት የሌጀሩንና የፊቱን እንጨት ውፍረት፣ ማለትም 3 ኢንች፣ ቀንሰው የሚያገኙት ነው፤ 142 ሲቀነስ 3፣ 139 ኢንች።

አንዱን ጆይስት ይሳሉና የግድ ኮምፖነንት ያድርጉት። ከዚያ በሙቭ መሣሪያ የኮንትሮል ቁልፉን ጫን አድርገው ወደ ጎን ይጎትቱ፤ 16 ጽፈው ኢንተር ይምቱ፤ ወዲያው *11 ጽፈው እንደገና ኢንተር ይምቱ። 12 ጆይስቶች በየ16 ኢንቹ ይደረደራሉ። አሥራ ሦስተኛውን በሌላኛው ጫፍ ላይ ያስቀምጡ። የመጨረሻው ክፍተት ትንሽ ይጠባል፤ ችግር የለውም። ወለሉን በሰያፍ ለመደርደር ካሰቡና ጣውላው የፕላስቲክ ቅልቅል ከሆነ ግን በየ16 ሳይሆን በየ12 ኢንቹ ያድርጉ።

የደቡብ ጥድ ቁጥር 2 የሆነ 2×10 በየ16 ኢንቹ ሲደረደር፣ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ ሰንጠረዥ መሠረት እስከ 14 ጫማ ድረስ ያለ ድጋፍ ይዘልቃል። የእኛ ከግድግዳው እስከ ስሩ ድጋፍ ድረስ 10 ጫማ ብቻ ነው። 2×8 ራሱ እስከ 11 ጫማ ከ10 ኢንች ስለሚፈቀድለት ይበቃ ነበር። 2×10 የመረጥነው ሰው ሲበዛበት እንዳያረግድ ነው፤ ለድግስ የሚውል ዴክ ላይ የዋጋውን ልዩነት መክፈል ተገቢ ነው እንላለን። ሰንጠረዡ የተሠራው በአንድ ስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ የሰውና የዕቃ ክብደት ተብሎ ነው። ለሞቀ ውሃ ገንዳ አይሆንም፤ ያን ያሰበ ሰው ወደ መሐንዲስ መሄድ አለበት።

ከጆይስቶቹ ስር የሚያልፈው ቢም ከሁለት 2×10 ተጣምሮ ይሠራል። መካከሉን ከግድግዳው 10 ጫማ ላይ ያድርጉት። ከሱ አልፎ የሚወጣው የጆይስት ጫፍ ከ10 ጫማው ሩብ፣ ማለትም ከ30 ኢንች፣ መብለጥ የለበትም። ቋሚዎቹ ሦስት 6×6 ናቸው፤ ሁለቱ ከቢሙ ጫፍ 1 ጫማ ገባ ብለው፣ አንዱ መሃል። በመካከላቸው 6 ጫማ ከ11 ኢንች ይሆናል። ለዚህ ቢምና ለ10 ጫማ ጆይስት ሰንጠረዡ እስከ 8 ጫማ ይፈቅዳል።

ጣውላው የሚያጋልጠው ስህተት

አሁን ወለሉን ይደርድሩ። አንድ ጣውላ 5½ ኢንች፣ በመካከል ⅛ ኢንች ክፍተት፣ ከግድግዳው ደግሞ ¼ ኢንች ይራቁ። በዚያው የመቅዳት ዘዴ በ5⅝ ኢንች ርቀት ይድገሙት። 25 ጣውላዎች 140½ ኢንች ይይዛሉ። 11'10" ባልነው አካል ላይ ግን ወደ ፊት ጠርዙ 2 ኢንች ያልሞላች ቀጭን ቁራጭ የምትፈልግ ቦታ ትቀራለች። ሜዳ ላይ ይህ የሚታወቀው ጣውላው ተቸንክሮ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያኔ ቀጭኗን ቁራጭ ሰንጥቆ መግጠም ይመጣል፤ እሷም ስክሩ ሲገባባት ትሰነጠቃለች።

ሞዴሉ ላይ መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። 140½ ላይ ¼ን ይደምሩ፣ የሚወጣውን ¾ ይቀንሱ፤ 140 ኢንች፣ ማለትም 11'8" ይሆናል። አንዱን ጆይስት በሁለት ጠቅታ ከፍተው 2 ኢንች ያሳጥሩት። ኮምፖነንት በመሆኑ አሥራ ሦስቱም በአንዴ 137 ኢንች ይሆናሉ። የፊቱን እንጨት ወደ ውስጥ ይግፉ፤ ወለሉ በ25 ሙሉ ጣውላ ያልቃል። በፊት ጠርዙ ላይ የሚሸፍን ስስ ጣውላ ለመለጠፍ ካሰቡ ውፍረቱን እዚህ ስሌት ውስጥ ያስገቡ።

ስለ ክፍተቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከመደብር እርጥብ ሆኖ የሚመጣ የታከመ እንጨት ሲደርቅ ይጠባል፤ ⅛ ብለው ካስቀመጡት በዓመቱ የክፍተቱ ስፋት ያስደነግጥዎታል። እርጥቡን አጠጋግተው ይግጠሙ፣ የደረቀውንና የፕላስቲክ ቅልቅሉን አምራቹ ባለው ክፍተት። እርጥቡን ከመረጡ በስሌቱ ውስጥ 5⅝ ሳይሆን 5½ ይጠቀሙና የአካሉን ጥልቀት እንደገና ያስሉ። የከሰል ምድጃ አውጥተው ቡና የሚያፈሉ ከሆነ ደግሞ የፕላስቲክ ቅልቅል ጣውላ ፍም ሲነካው እንደሚቀልጥ ያስቡበት፤ ለምድጃው የሚሆን የድንጋይ ንጣፍ ቦታ ሞዴሉ ላይ ያኑሩ።

ሌጀርና ማያያዣዎቹ

ይህን ክፍል በችኮላ አይለፉት። ለ10 ጫማ ጆይስት ሌጀሩን ከቤቱ ጋር የሚያስሩት ግማሽ ኢንች ውፍረት ያላቸው ላግ ስክሩዎች (ትልልቅ የእንጨት ስክሩዎች) በየ18 ኢንቹ መሆን አለባቸው። ጆይስት በየ16፣ ላግ በየ18 ካደረጉ ግን አንድ ቦታ ላይ ላጉ ልክ ጆይስቱን ከሌጀሩ ጋር የሚይዘው ብረት፣ ሃንገሩ፣ በሚቀመጥበት ላይ ይወድቃል። በየሁለቱ ጆይስቶች መካከል አንድ ላግ ያስቀምጡ፤ ርቀቱ 16 ኢንች ገደማ ስለሚሆን ከሚፈቀደው በታች ነው። አንዱን ከፍ፣ ቀጣዩን ዝቅ እያደረጉ ያፈራርቋቸው፤ በአንድ መስመር ከሆኑ እንጨቱን ይሰነጥቁታል። ለ12 ክፍተት 12፣ በሁለቱ ጫፎች አንድ አንድ ጨምረው 14 ይሆናሉ። በሞዴሉ ላይ ትንሽ ክብ ስለው ያመልክቷቸው።

ሌጀሩ ቤቱን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይስባል፤ ሰው ሲጨፍር ዴኩ ከግድግዳው ሊላቀቅ ይሞክራል። ለዚህ ኮዱ ጆይስቱን ከቤቱ የወለል እንጨት ጋር የሚያስሩ ብረቶች ይጠይቃል፤ እያንዳንዳቸው 1500 ፓውንድ የሚችሉ ሁለት፣ ወይም 750 ፓውንድ የሚችሉ አራት። የግድግዳው መሸፈኛ ከሌጀሩ ጀርባ መነሳት አለበት፤ ከላዩም ውሃ የሚያፈስ ፍላሺንግ ይገባል። የአሉሚኒየም ፍላሺንግ ከታከመ እንጨት ጋር አይነካካ፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው መዳብ ይበላዋል። ሃንገሩም ምስማሩም በወፍራሙ ዚንክ የተነከረ መሆን ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። በሃንገር ውስጥ የተለመደውን የዴክ ስክሩ አይጠቀሙ፤ ተሰባሪ ነው፣ ክብደት ሲመጣበት ይቆረጣል።

ፉቲንግ

የመሃሉ ቋሚ የሚሸከመው ስፋት ወደ 46 ስኩዌር ጫማ ነው። በስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ ለሰውና 10 ፓውንድ ለእንጨቱ ራሱ ሲታሰብ 2300 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። አፈሩ በስኩዌር ጫማ 1500 ፓውንድ ይችላል ተብሎ ሲካፈል 1.53 ስኩዌር ጫማ፣ ክቡ 17 ኢንች ገደማ ይሆናል። ይህ ትርፍ የሌለው ስሌት ነው፤ የመሃል ቋሚ ደግሞ ከድርሻው በላይ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ሦስቱንም 20 ኢንች ያድርጉ። ጉድጓዱ 24 ኢንች ጥልቀት ኖሮት በሙሉ ኮንክሪት ቢሞላ ሦስቱ አንድ ላይ 13 ኩብ ጫማ ይፈልጋሉ። ባለ 80 ፓውንዱ ከረጢት 0.6 ኩብ ጫማ ስለሚወጣው 22 ከረጢት ነው፤ 24 ይግዙ። ቋሚውን ኮንክሪት ውስጥ አይቅበሩት፤ ከላይ በብረት መሠረት ላይ ይቁም።

ከመቆፈርዎ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብለው 811 ይደውሉ። የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮችን መጥተው በነጻ ምልክት ያደርጋሉ። ያሳዩዎትን መስመር ሞዴሉ ላይ ይሳሉ። ቋሚው መስመሩ ላይ ከወደቀ ቢሙን በወረቀት ማንቀሳቀስ ይቀላል።

ደረጃው

በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ የአንዱ ደረጃ ከፍታ ከ7¾ ኢንች መብለጥ የለበትም፤ የሚረገጠው ቢያንስ 10 ኢንች መሆን አለበት። በደረጃዎቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ⅜ ኢንች እንዲበልጥ አይፈቀድም። ከወለሉ እስከ ግድግዳው ስር ባለው 45 ኢንች ቢያሰሉ 6 ደረጃ በ7½ ይሆንልዎታል፤ ልክ ያለ ይመስላል። ደረጃው የሚያርፈው ግን 3 ኢንች ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ነው። 48 ሲካፈል ለ6፣ 8 ኢንች ነው፤ ከኮዱ ይበልጣል። ስለዚህ 7 ደረጃ በ6⅞ ገደማ ይሁን። መረገጫዎቹ 6 ስለሚሆኑ እያንዳንዳቸው በ10¼ ሲታሰቡ ደረጃው ወደ ግቢው 61½ ኢንች ይወጣል። ያ ቦታ ኤሲው የቆመበት ሆኖ የሚገኝ ከሆነ አሁን ይወቁት።

ከ2×12 የሚቆረጡት ሦስት ተሸካሚዎች ከታች በመረገጫው ውፍረት ልክ፣ በ1 ኢንች፣ ማጠር አለባቸው። ይህ ሲረሳ የመጀመሪያው ደረጃ ከፍ ብሎ የመጨረሻው ያጥራል፤ ሰው የሚደናቀፈውም በዚያ ነው። ሞዴሉ ላይ መረገጫዎቹን ጭምር ከሳሉ ስህተቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ወለሉ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ስለሆነ መከላከያ አጥር ግዴታ ነው። ቁመቱ ቢያንስ 36 ኢንች፣ በዘንጎቹ መካከል 4 ኢንች ኳስ የማያሳልፍ። በሞዴሉ ላይ 3¾ ያድርጉት፤ እንጨት ሲደርቅ ክፍተቱ ይሰፋል። የአጥሩ 4×4 ቋሚዎች ከ6 ጫማ ባልበለጠ ርቀት ይሁኑ፤ እግራቸው ተገዝግዞ አይሳሳ፤ በብሎንና ወደ ውስጥ በሚያስር ብረት ይያዙ።

ከሞዴሉ ወደ ገበያ

አንድ ኮምፖነንት መርጠው ኢንቲቲ ኢንፎን ሲያዩ በሞዴሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ይነግርዎታል። የእኛ ዴክ እንዲህ ይወጣል፦ 2×10 በ12 ጫማ 13፣ ለጆይስት። 2×10 በ16 ጫማ 4፤ አንዱ ለሌጀር፣ አንዱ ለፊት ጠርዝ፣ ሁለቱ ለቢም። 5/4×6 በ16 ጫማ 25፣ ከነትርፉ 27፤ የደረጃው መረገጫ ተጨማሪ ነው። ሃንገር ለመሃሎቹ 11፣ ለሁለቱ ጫፍ ጆይስቶች የማዕዘን ብረት፤ ጆይስቱን ከቢሙ የሚያስሩ ብረቶች 13። የወለል ስክሩ 25 ጣውላ በ13 ጆይስት በ2፣ 650 ነው፤ 750 ይግዙ።

በዚህ ሥራ ላይ ሶፍትዌር የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እንጨት ይጣመማል። ሲቀበሉ አንድ በአንድ በዓይን ይዩ። ጎበጥ ያለውን ጎን ወደ ላይ አድርገው ይግጠሙ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ የመዳብ መከላከያ ይቀቡ።

ፐርሚት

በነጻው ስኬችአፕ ካሜራውን ፓራለል ፕሮጀክሽን አድርገው ከላይ፣ ከፊትና ከጎን የሚታየውን እያንዳንዱን እንደ ሲን (የተቀመጠ እይታ) ያስቀምጡ፤ በሴክሽን ፕሌን ሞዴሉን ቆርጠው ውስጡን የሚያሳይ አንድ እይታ ያውጡ። ልኬቶቹን ጽፈው በምስል ያውርዱ። ካውንቲው የሚፈልገው የእንጨት መጠንና ርቀት፣ የፉቲንግ ስፋትና ጥልቀት፣ የሌጀር አያያዝ፣ የደረጃና የአጥር ዝርዝር ነው፤ ከነሱ ጋር ቤቱና ዴኩ ከአጥር ያላቸውን ርቀት የሚያሳይ የቦታ ፕላን። ብዙ ካውንቲዎች የራሳቸው የዴክ መመሪያ አላቸው፤ የአሜሪካ እንጨት ካውንስል የሚያሳትመው ዲሲኤ 6 የተባለው መመሪያ መነሻው የፌርፋክስ ካውንቲው ነው። በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ቁጥሮች ከካውንቲዎ ጋር ከተለያዩ የካውንቲዎን ይከተሉ። የሰፈር ማኅበር ካለ የሱም ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል፤ ቀለሙንና የአጥሩን ዓይነት የሚወስነው እሱ ሊሆን ይችላል።

ኢንስፔክተሩ ጉድጓዶቹን የሚያየው ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ነው። ስለዚህ ከረጢቶቹ ቢደርሱም ከምርመራው በፊት አያፍስሱ። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ የሦስቱን ፉቲንግ እውነተኛ ቦታና ከፍታ ለክተው ሞዴሉን ያርሙ፤ ጉድጓድ እንደ ሥዕሉ ሆኖ አያውቅም። የቋሚዎቹን ርዝመት ግን ከሞዴሉ አይውሰዱ። ትርፍ አስቀርተው ያቁሟቸው፣ ከሌጀሩ ታችኛ ጠርዝ በሌዘር መስመር ያምጡ፣ ከዚያ የቢሙን 9¼ ወደ ታች ቀንሰው ምልክት ያድርጉና እዚያው እንደቆሙ ይቁረጧቸው።